ቲቪ ልጅን ከሶፋ ማስነሳት ይችላል ወይ?

እ.ኤ.አ. በ1973 ቢቢሲ አንድ ጉደኛ የልጆች ፕሮግራም ጀመረ። ርዕሱ ብቻውን አንድ መስመር ይሞላል፤ ሐሳቡም «ለምን ቲቪያችሁን ዘግታችሁ የማይሰለች ነገር አትሠሩም?» የሚል ነው። ይሄን የሚለው አባት ወይ አስተማሪ ቢሆን ማንንም አይገርምም። የሚለው ግን ቲቪው ነው። ትምህርት ሲዘጋ፣ ልጆች ፒጃማቸውን ሳያወልቁ ሶፋ ላይ በሚጎለቱበት ሰዓት ብቅ ይልና «በሉ አጥፉኝ» ይላል። እንዲህ እያለ ከ20 ዓመት በላይ ቆየ፤ የተቋረጠው በ1995 ነው።

አቅራቢዎቹ ልጆች ነበሩ። የብሪስቶል ቡድን፣ የካርዲፍ ቡድን፣ የቤልፋስት ቡድን እየተባለ ከየከተማው ይሰባሰባሉ። ተመልካቾች በደብዳቤ የላኩትን ጨዋታ፣ የእጅ ሥራ፣ የምትሃት ዘዴ፣ ቀለል ያለ ምግብ እየሞከሩ ያሳያሉ። አሪፍ ነው። በ80ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ግን ፕሮግራሙ ቀስ በቀስ ወደ ድራማ ዞረ፤ ልጆቹ እጅ ሥራቸውን እየተዉ ጀብዱ ውስጥ መግባት ጀመሩ። «አጥፉኝ» ይል የነበረው ፕሮግራም ቀጣዩን ክፍል የሚያስናፍቅ ሆነ ማለት ነው። አልፈርድባቸውም። ቲቪ የሚኖረው በመታየት ነው፤ ተመልካቹን የሚያባርር ፕሮግራም የገዛ እንጀራውን ነው የሚገፋው።

ታዲያ ይሄ ነገር ይቻላል ወይስ አይቻልም? እኔ ይቻላል ባይ ነኝ። በምክር ግን አይሞከርም። «ልጆች፣ ውጭ ወጥታችሁ ተጫወቱ፣ ስፖርት ለጤና ጥሩ ነው» የሚል ንግግር ልጅን ከተቀመጠበት አንድ ስንዝር አያነቃንቀውም። የሚያስነሳው ሥራ ሲሰጠው ነው፤ ፕሮግራሙ እንዳለቀ፣ ያኔውኑ፣ እቤት ባለ ዕቃ ሊጀመር የሚችል ሥራ። በላዩ ላይ ደግሞ የሠራውን የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል። ይሄን ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

እንግሊዝ አገር ብሉ ፒተር የሚባል ፕሮግራም አለ። የጀመረው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1958 ነው፤ ዛሬም አለ። በዓለም ላይ እንደሱ ዕድሜ የጠገበ የልጆች ፕሮግራም የለም ይባላል። ጉዞ አለው፣ ውሻና ድመት አለው፣ ከ1974 ጀምሮ ደግሞ ስቱዲዮው አጠገብ የራሱ የአትክልት ቦታ ሁሉ ነበረው። ስሙን የተከለው ግን በእጅ ሥራው ነው። አቅራቢዎቹ ያለቀ የፈሳሽ ሳሙና ዕቃ፣ የሶፍት ጥቅል መሃል ያለውን ካርቶን፣ የልብስ መስቀያ ሽቦ ይዘው ይቀርባሉ። ለገና ሻማ የሚቆምበትን ጌጥ የሚሠሩት ከዛው ከመስቀያ ሽቦ ነው። ሱቅ ተሂዶ የሚገዛ ነገር የለበትም፤ ቆሻሻ ሊጣል ሲል ከመጣያው አፍ ላይ የሚወሰድ ነው ሁሉም። ቢቢሲ ማስታወቂያ ስለማይሠራ የፋብሪካ ስም እንኳ አይጠሩም ነበር። ሙጫው እስኪደርቅ መጠበቅ ስለማይቻል ደግሞ አቅራቢው መሃል ላይ ይተውና «ይሄ ቀደም ብዬ የሠራሁት ነው» ብሎ ያለቀውን ከጠረጴዛ ስር ያወጣል። ይቺ አባባል እስከዛሬ የእንግሊዞች መቀለጃ ናት።

እኔን የሚደንቀኝ ግን ከስክሪኑ ጀርባ የነበረው ሥራ ነው። ፕሮግራሙን ከ1960ዎቹ እስከ 1988 የመራችው ቢዲ ባክስተር የምትባል ሴት ናት። ልጅ ሳለች ለምትወዳት ደራሲ፣ ለኢኒድ ብላይተን፣ ደብዳቤ ጻፈች። ቆንጆ መልስ መጣላት። ደስ ብሏት ደግማ ጻፈች። የመጣው መልስ ቁርጥ የመጀመሪያው ነበር። ያ ቅሬታ ከሆዷ አልወጣም። አድጋ የፕሮግራሙ ኃላፊ ስትሆን የጻፈ ልጅ ሁሉ በካርድ እንዲመዘገብ አደረገች፤ አንድ ልጅ ሁለተኛ ሲጽፍ ካርዱ ይወጣና የመጀመሪያ ደብዳቤውን የሚያስታውስ መልስ ይጻፍለታል። ኮምፒውተር ባልነበረበት ጊዜ፣ በየሳምንቱ በሺዎች ለሚቆጠር ደብዳቤ፣ በሰው እጅ። እስቲ አስቡት፣ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ «ባለፈው ስለ ጥንቸልህ ጽፈህልን ነበር፣ እንዴት ሆነች?» የሚል ደብዳቤ ከቲቪ ጣቢያ ሲደርሰው። ያ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ዝም ብሎ ቁጭ ይላል?

ከ1963 ጀምሮ ደግሞ ባጅ አለ። መርከብ የተሳለባት ትንሽ ነገር ናት። አትሸጥም። ሐሳብ የላከ፣ ሥዕል ወይ ግጥም የጻፈ፣ የሠራውን ያሳየ ልጅ ያገኛታል፤ በኋላ ለአካባቢ ጥበቃ አረንጓዴ፣ ለስፖርትም ሌላ ተጨመረ። ባጅ ያለው ልጅ ከ200 በላይ ሙዚየሞች፣ የእንስሳት ማቆያዎችና መሰል ቦታዎች በነጻ ይገባል። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱልኝ። ልጁ ቲቪ አየ፣ ከቲቪው ተነስቶ አንድ ነገር ሠራ፣ ላከ፣ መልስና ባጅ አገኘ፣ ባጇ ደግሞ በተራዋ ከቤት አስወጣችው። ዋጋ እንዳላት ነጋዴም አወቀ፤ በ2006 ባጆቹ ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ሲቸበቸቡ ተገኝተው ነጻ መግቢያው ለጊዜው ታገደ፣ ከዛ በኋላ ባጅ ያለው ልጅ መታወቂያ ካርድም እንዲይዝ ተደረገ።

በዛው ዓመት መጨረሻ የባሰ መጣ። በስልክ የሚደረግ ውድድር ላይ መስመሩ ተበላሸና፣ ስቱዲዮ ለጉብኝት የመጣ አንድ ልጅ የደወለ መስሎ አሸናፊ እንዲባል ተደረገ። ነገሩ ሲወጣ ኦፍኮም የሚባለው ተቆጣጣሪ በ2007 ቢቢሲን 50,000 ፓውንድ ቀጣ። ለልጆች ውድድር ይሄን ያህል? ያስብላል። እኔ ግን ልክ ናቸው እላለሁ። የደወለው ልጅ ሁሉ ቲቪው ይሰማኛል ብሎ ነው የደወለው። ያ እምነት ከሄደ የሚቀረው እንደሌላው ሁሉ የሚታይ ፕሮግራም ብቻ ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ጀርመኖች አንዲት ብርቱካናማ አይጥ ያለችበት ፕሮግራም አላቸው፣ ከ1971 ጀምሮ። ከ2011 ወዲህ በየዓመቱ ኦክቶበር 3 ቀን በፕሮግራሙ ስም በር ይከፈታል፤ ፋብሪካ፣ ወርክሾፕ፣ ላቦራቶሪ፣ ሌላ ጊዜ ዝግ የሆነ ቦታ ሁሉ ልጆች ገብተው እንዲያዩት። ከሁሉም የምቀናው በዚህ ነው። የአሜሪካው ኒክሎዲየን ደግሞ በ2004 በዓመት አንድ ቀን ለጥቂት ሰዓት ስርጭቱን አቁሞ «ውጡና ተጫወቱ» ማለት ጀመረ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ልጁ ሪሞቱን ያነሳና ቀጣዩ ቻናል ላይ ይሄዳላ! አይስላንዶች ሌዚታውን የሚባል ፕሮግራም አመጡ፤ የፈጠረው ማግኑስ ሼቪንግ የኤሮቢክስ ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው። ጀግናው ሲገለባበጥ ይውላል፣ ፍራፍሬን «የስፖርት ከረሜላ» ይላታል፣ ልጆች ሳሎን ውስጥ አብረውት ይዘላሉ። ሳሎን ውስጥ መዝለልም መዝለል ነው። አልንቀውም፣ ታች ያለው ጎረቤት ካልተቆጣ።

«ይሄ ሁሉ ልጅን ይለውጣል?» ለሚል ሰው አንድ የኔዘርላንድስ ጥናት አለ፣ በ2020 የታተመ። ከ10 እስከ 12 ዓመት የሆኑ 125 ልጆች ለአስር ደቂቃ ያህል የልጆች የምግብ ዝግጅት ፕሮግራም አዩ፤ አንዳንዶቹ ጤናማ ምግብ ሲሠራ፣ ሌሎቹ ጤናማ ያልሆነ ሲሠራ። ከዛ መክሰስ ምረጡ ተባሉ። ጤናማው ሲሠራ ያዩት ጤናማ መክሰስ የመምረጥ ዕድላቸው 2.7 እጥፍ ሆነ። የአንድ ቀን ነገር ነውና አናጋነው። ያዩት ግን ሥራ ነበር። ማንም ስለ ቫይታሚን አልሰበከላቸውም።

ወደኛ እንምጣ። አባባ ተስፋዬ ሳህሉን የማያውቅ ማን አለ? ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» እያሉ ልጆችን ሰላም ብለዋል፣ ተረት አውርተዋል፣ ምትሃት አሳይተዋል። ልጆች ስቱዲዮ እየመጡ ይዘፍኑ ነበር፣ ግጥም ያነቡ ነበር። ከዛ እ.ኤ.አ. በ2006 «ጸሐይ መማር ትወዳለች» መጣች፤ ብሩክታዊት ጥጋቡ የምትባል መምህርት ከባለቤቷ ጋር እቤታቸው የጀመሩት፣ ፊደልና ንጽሕና የምታስተምር የቀጭኔ አሻንጉሊት። በ2008 የጃፓን ሽልማት የሚባለውን ዓለም አቀፍ የትምህርታዊ ፕሮግራሞች ሽልማት አገኘች። ሁለቱም ትልቅ ሥራ ናቸው፤ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ነው የምናገረው።

ከዛ ወዲህ ቻናሉ በዛ። ግን ልጅ በኛ ቲቪ ላይ ምን ሲያደርግ ነው የምናየው? ግጥም ሲያነብ። መዝሙር ሲዘምር። ጥያቄ ሲመልስ። «ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ስትባል «ዶክተር» ስትል። እቤት ያለው ልጅ የሌላ ሰው ልጅ ጎበዝ መሆኑን ያያል፣ እናቱም «አየኸው እሱን?» ትለዋለች፣ በቃ። ተነስቶ የሚሠራው ነገር አልተሰጠውም።

ይሄ የሆነው የኛ ፕሮዲዩሰሮች ሰነፎች ስለሆኑ አይመስለኝም። ድሮ አያስፈልግም ነበር። ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ብይ፣ ፔፕሲ፣ ሌባና ፖሊስ፣ አኩኩሉ፣ የካልሲ ኳስ፤ የትኛውንም ቲቪ አላስተማረንም። ያስተማሩን የሰፈር ትልልቅ ልጆች ናቸው። መጀመሪያ ጥግ ላይ ቆመህ ታያለህ። ከዛ ኳስ አምጪ ትሆናለህ። ከዛ አንድ ቀን ሰው ሲጎድል «ና ግባ» ትባላለህ፣ ሕጉን እየተሰደብክ ትማራለህ። አሁን ይሄ የቀረበት ልጅ፣ በተለይ ከተማ ውስጥ፣ ብዙ ነው። ጠዋት ሰርቪስ ይወስደዋል፣ ማታ ሰርቪስ ይመልሰዋል፣ ከዛ የቤት ሥራ፣ ከዛ ቲቪ ወይ የእናቱ ስልክ። የኮንዶሚኒየሙ ግቢ መኪና ሞልቶታል። ትምህርት ቤቱ ድሮ የሰው መኖሪያ የነበረ ቪላ ከሆነ ደግሞ የእረፍት ሰዓቱ ሲሚንቶ ላይ ተጨናንቆ መቆም ነው። ሱዚ ከቁርጭምጭሚት ተነስታ ጉልበት፣ ከዛ ወገብ እንደምትደርስ ዛሬ ስንት የአስር ዓመት ልጅ ያውቃል? የሚነግረው ትልቅ ልጅ ሰፈር ውስጥ ከሌለ፣ ቲቪው የሱን ቦታ ተክቶ ታላቅ ወንድም ወይ ታላቅ እህት መሆን ይችላል። ከዛ በላይ ክብር ያለው ሥራ ለአንድ የልጆች ፕሮግራም አላውቅም።

«የት ወጥቶ ይጫወት?» የሚል ወላጅ አለ፤ ልክ ነው። መንገዱ የመኪና ነው፣ ሜዳው ታጥሯል። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አንድነት ፓርክ፣ ወዳጅነት ፓርክ፣ እንጦጦ ፓርክ ተከፍተዋል። ያምራሉ። ግን ትራንስፖርቱም ሌላው ወጪም ሲደመር ለብዙ ቤተሰብ የበዓል ጉዞ ነው፤ የማክሰኞ ከሰዓት ጨዋታ አይሆንም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው»፣ እሁድ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ልጆች አስፋልት ላይ የሚሯሯጡበት፣ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው፤ እሱም ቢሆን በወር አንዴ ተብሎ የተጀመረ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ደግሞ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ መካከለኛ ወይ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። በቀን።

ስለዚህ ሥራው ለበረንዳ፣ ለኮሪደር፣ ለደረጃ፣ ለጠባብ ግቢ ተለክቶ መሰጠት አለበት። ዕቃ እንደሆነ ሞልቷል፤ ሃይላንድ፣ ቆርኪ፣ ካርቶን፣ ማዳበሪያ፣ ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን። ስድስት ሃይላንድ ጥቂት ጥቂት አሸዋ ተደርጎባቸው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቢቆሙ በካልሲ ኳስ የሚጣሉ ዒላማዎች ይሆናሉ። ጀሪካኑን ትልቅ ሰው ጎኑን ይቆርጥለታል፣ ልጁ አፈር ሞልቶ ጤና አዳም ወይ ሰላጣ ይተክልበታል፤ ከዛ በየቀኑ ውሃ ለማጠጣት ሲል ይወጣል፣ ማንም ውጣ ሳይለው። ወፍ መቁጠር ደግሞ ከምንም በላይ ርካሽ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ800 በላይ የወፍ ዓይነት አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት ጠዋት እየጮኸ በጣራ ላይ የሚያልፈው፣ ምንቃሩ ረጅምና ቆልመም ያለው ትልቅ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የትም አይገኝም። ይሄን ስንት ልጅ ያውቃል? ስንት ትልቅ ሰው? አንድ ፕሮግራም ምስሉን አሳይቶ «በዚህ ሳምንት ስንት አያችሁ? ስንት ሰዓት ላይ? በየት በኩል ሄዱ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሳምንቱን ሙሉ አንገቱን ወደ ላይ ያቀና ልጅ ሰፈሩን ይሞላው ነበር።

አሁን ግን ልጆቻችን ያሉት ዩቲዩብ ላይ ነው፣ እዛ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የድሮ ቲቪ አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፦ ያልቃል። ፕሮግራሙ አልቆ ዜና ሲመጣ ልጁ በግዱ ይነሳል። ብሉ ፒተር «ሂዱና ሥሩ» ቢል ብዙ አይጎዳም ነበር፤ ሰዓቱ አልቋላ። ዩቲዩብ ላይ ግን ገንዘቡ ያለው ልጁ በቆየበት ደቂቃ ልክ ነው፤ ልጁን «ተነስ» የሚል ቻናል ቀጣዩን ቪዲዮ ራሱ ላይ ይዘጋል። በ2021 ኩባንያው የልጆች መተግበሪያው ላይ ቪዲዮ በራሱ መቀጠሉን ከመነሻው ዝግ አድርጎታል፤ ብዙ ቤት ግን ልጁ የሚያየው በእናቱ ስልክ፣ በትልቅ ሰው አካውንት ነው።

ሌላም አለ። በ2019 ዩቲዩብ የልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ ሰብስቧል ተብሎ አሜሪካ ውስጥ 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ «ለልጆች» የተባለ ቪዲዮ ስር አስተያየት መጻፍ አይቻልም፣ በተመልካቹ ባህርይ የተመረጠ ማስታወቂያም አይገባበትም። ለጥበቃ ነው፣ አልቃወምም። ውጤቱ ግን ለኛ ጉዳይ መጥፎ ነው። ልጁ «ሠራሁ፣ ይኸው» የሚልበት ቦታ ጠፋ፣ ለልጆች የሚሠራ ሰው ገቢም ላላ። ብሉ ፒተርም ከዘመኑ አላመለጠም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ከዋናው ቻናል ወጥቶ የልጆች ቻናል ላይ ብቻ ቀረ፣ በማርች 2025 ደግሞ የቀጥታ ስርጭቱ ቆመ።

መልስ መቀበያው ታዲያ ሌላ ቦታ መሆን አለበት። እኛ አገር ለዚህ ቴሌግራም ይበቃል፤ ወላጅ የሥራውን ፎቶ ይልካል፣ የልጁ ፊት ሳይታይ፣ የመጀመሪያ ስምና ከተማ ብቻ ተጽፎ። ጀርመን ወይ አሜሪካ ያለ ወላጅም በዛው መስመር ይልካል። እነሱ ቤት ያለውን ጉዳይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ልጁ አማርኛ ይሰማል፣ መልሱ በሌላ ቋንቋ ነው። ተቀምጦ ዘፈን መስማት ብቻውን አላናገረውም። «ዝለል፣ ዙር፣ ያዝ፣ ተነካህ፣ ወጣህ» እየተባባለ ሱዚ ወይ አባሮሽ የሚጫወት ልጅ ግን ቃሉን ካልተናገረ ጨዋታው አይሄድለትም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ የልጆችን ሰዓት ስፖንሰር ማድረግ የሚፈልጉት በአብዛኛው የብስኩት፣ የጁስና የለስላሳ ሻጮች ናቸው፤ ስለ ጤና እያወሩ በነሱ መኖር ደግሞ ያጣላል። እንግሊዞች ይሄን ቀምሰውታል። ኦፍኮም በ2006 ጤናማ ያልሆነ ምግብ በልጆች ፕሮግራም መሃል እንዳይተዋወቅ ሲወስን፣ በማስታወቂያ የሚኖረው አይቲቪ አዲስ የልጆች ፕሮግራም መሥራቱን በጣም ቀነሰ። ቢቢሲ የቀጠለው ሕዝብ በሚከፍለው ገንዘብ ስለሚኖር ነው። እኛ ጋ ይሄን ሸክም መጀመሪያ ሊሸከም የሚገባው የሕዝብ ጣቢያው ነው ባይ ነኝ።

ለመጀመር አዲስ ፕሮግራም እንኳ አያስፈልግም። ካለው የልጆች ሰዓት መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ ይበቃል፦ አንድ ሥራ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ከተላኩት መካከል አስሩን ማሳየት። ካሜራው አለ፣ አቅራቢው አለ። ከባዱ፣ ሥራቸው ስክሪን ላይ ላልወጣው ልጆች አንድ በአንድ መልስ የሚጽፍ ሰው መቅጠር ነው፤ በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘውም የዚህ ሰው ደመወዝ እንደሚሆን ከአሁኑ መገመት ይቻላል።